ሳልነካው ከፍና ዝቅ የሚል የጊታር ድምፅ፦ ጥፋቱ ከፔዳሎቹ ነው ወይስ ከአምፕሊፋየሩ?

ባለስድስት ክር (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሠርግና በሆቴል አዳራሽ በሚሠራ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ላለፉት ሁለት ወራት የጊታሬ ድምፅ ሳልነካው ከፍና ዝቅ እያለ አስቸግሮኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠማችሁ ካላችሁ እንድትረዱኝ ጉዳዩን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ጊታሬ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ያለው ነው። ኬብሉ ከጊታሩ ተነሥቶ በእግር በሚነኩ የድምፅ መቀየሪያ ፔዳሎች ያልፋል፦ መጀመሪያ ወደ ዋህ ዋህ፣ ቀጥሎ ወደ ኦቨርድራይቭ (ድምፁን አጉልቶ የሚያሻክረው)፣ ከዚያ ወደ ቮልዩም ፔዳል፣ ከዚያም ወደ ዲሌይና ወደ ሪቨርብ (ማስተጋቢያዎቹ) አልፎ በመጨረሻ አምፑ (አምፕሊፋየሩ) ፊት ለፊት ባለው መግቢያ ይሰካል። አምፑ ባለ ቲዩብ (በመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ) ሲሆን ስፒከሩም እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው። ከጀርባው «ሴንድ» እና «ሪተርን» የተባሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ እኔ ግን ምንም ነገር ሰክቼባቸው አላውቅም። ፔዳሎቹ በሙሉ ኃይል የሚያገኙት ገመዱ ብዙ ራስ ካለው ከአንድ የ9 ቮልት አዳፕተር ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። መጫወት ከጀመርን ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ድምፁ በድንገት በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ጨርሶ አይጠፋም፣ ነገር ግን ቀጭንና የታፈነ ይሆናል። ኮርድ ጠንከር አድርጌ ስመታ አንዳንድ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና ይወርዳል። ከዚህ ሌላ፣ ሁሉም ፔዳሎች ጠፍተው በንጹሕ ድምፅ ስጫወት ድምፁ ደብዛዛ ነው፤ ኦቨርድራይቩን ስነካው ግን፣ መጠኑን ከንጹሑ ድምፅ ጋር እኩል ለማድረግ ብሞክርም፣ በድንገት ጎልቶና ጠርቶ ይወጣል። የሚገርመው ደግሞ ይኸው ኦቨርድራይቭ ቤት ውስጥ ለሶሎ ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ መድረክ ላይ ከሳክስፎኑና ከኪቦርዱ ሥር ተውጦ ይቀራል።

ቤት ውስጥ ጊታሩን ያለ ፔዳል በቀጥታ ከአምፑ ጋር አገናኝቼ አሥር ደቂቃ ያህል ሞክሬዋለሁ፤ ድምፁ አልወረደም። ስለዚህ ጥፋቱ ከፔዳሎቹ ነው ብዬ ደመደምኩና በመካከላቸው ያሉትን አጫጭር ኬብሎች በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ፤ ለውጥ አላገኘሁም። አንድ ባልደረባዬ ሁሉንም ሸጬ አንድ መልቲ ኢፌክት (የብዙ ፔዳሎችን ሥራ የሚሠራ አንድ መሣሪያ) እንድገዛ እየመከረኝ ነው። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት የእናንተን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።

የአዳራሽ ድምፅ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ በአዳራሾች የድምፅ ሲስተም ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ካየሁት ተነሥቼ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኃይሉን ነው። መብራት ሲዋዥቅ፣ በተለይም አዳራሹ ወደ ጄኔሬተር ሲዞር፣ 220 ቮልት መሆን የሚገባው 190 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ አግኝቼው አውቃለሁ። በዚያ ላይ ፔዳሎችዎ አንድ አዳፕተር ይጋራሉ። ኦቨርድራይቭ በአብዛኛው ከ10 ሚሊአምፔር በታች ነው የሚፈልገው፤ ዲጂታል የሆኑ ዲሌይና ሪቨርብ ግን እያንዳንዳቸው 50፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሚሊአምፔር ሊስቡ ይችላሉ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው መጠን ከድምሩ ካነሰ 9 ቮልቱ ይወርዳል፤ የፔዳሎቹም ድምፅ ይዳከማል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በቴስተር ይለኩ። መለካት ያለብዎት ግን ሁሉም ፔዳሎች ተሰክተውና በርተው ሳለ ነው፤ ባዶውን የሚለካ አዳፕተር ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ለአምፑም ስታቢላይዘር ቢያዘጋጁለት መልካም ነው።

ጠጋኙ፦

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አምፕና ፔዳል መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ልነግርህ የምፈልገው አንድ በሽታ ሳይሆን ሦስት በሽታ እንደያዘህ ነው። በአንድ ላይ ስለመጡብህ አንድ መስለውሃል፤ አንዱን ስትፈታ ሌሎቹ ስለማይለቁህም ያደረግከው ሁሉ ከንቱ ይመስልሃል።

ስለ ኃይሉ የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ አዳፕተሩን ለካው። ነገር ግን ድምፅህን በግማሽ የሚያወርደው እሱ ነው ብዬ አላምንም፤ ምክንያቴንም በቁጥር ላስረዳ። ጆሯችን «በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ድምፁ ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ሲወርድ ነው። የመብራቱ ቮልቴጅ ከ220 ወደ 190 ቢወርድና የአምፑ አቅም በዚያው ልክ ቢቀንስ ልዩነቱ 1.3 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ይህን ደግሞ በጨዋታ መካከል ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በ190 ቮልት የቲዩቦቹ ማሞቂያ ከ6.3 ወደ 5.4 ቮልት ገደማ ስለሚወርድ አምፑ መዳከሙ አይቀርም፤ ሆኖም መዳከሙ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው እንጂ ኮርድ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ የሚመለስ አይደለም። የፔዳሎቹ 9 ቮልት ወርዶ ቢሆን ደግሞ መብራቶቻቸው ሲደበዝዙ፣ ዲሌዩም ሲንጫጫ ወይም ከነጭራሹ ሲጠፋ ታይ ነበር።

ጠንከር አድርገህ ስትመታ የሚመለሰው ድምፅ ዋናው ፍንጭ ነው። እንዲህ የሚያደርገው የላላ ወይም የቆሸሸ የብረት ግንኙነት ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከኬብሎቹ ውስጥ ሳይሆን ሰክቼበት አላውቅም ካልከው ከሪተርን ቀዳዳ ውስጥ ይገኛል። በብዙ አምፖች ከፊተኛው የማጉያ ክፍል የወጣው ሲግናል ወደ ኋለኛው የኃይል ክፍል የሚሻገረው በዚህ ቀዳዳ በኩል ነው። ቀዳዳው ባዶ ሲሆን በውስጡ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ሌላ ብረት ላይ ተደግፋ ሁለቱን ክፍሎች ታገናኛለች፤ ጃክ ሲሰካ ምላሷ ተገፍታ ትለቅቅና ሲግናሉ በጃኩ በኩል ይመጣል። አንተ ምንም ሰክተህ ስለማታውቅ እነዚህ ሁለት ብረቶች ለዓመታት ሳይፋተጉ ተቀምጠዋል። በአቧራና በክረምት እርጥበት ላያቸው ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ይህም ሽፋን ደካማውን ሲግናል ይይዘዋል፣ ጠንካራው ግን አንዳንድ ጊዜ ጥሶት ያልፋል። ድምፁ ጨርሶ ሳይጠፋ ቀጭን የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ መንገዱ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

ቤት ያደረግከው ሙከራ ያሳሳተህ አጭር በመሆኑ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደሆነ ራስህ ጽፈሃል፤ አምፑ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ ስፒከሩም እዚያው ሣጥን ውስጥ ስለሆነ በመድረክ ኃይል ሲጮህ ምላሷን ያንቀጠቅጣታል። ቤት ውስጥ በዝቅተኛ ድምፅ አሥር ደቂቃ ስትሞክር ግን ሙቀቱም ንዝረቱም የለም። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት የሚመረመረው በሚመጣበት ሁኔታ ውስጥ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። አንዱን አጭር ኬብል ወስደህ ከሴንድ ወደ ሪተርን ሰካና በተለመደው የመድረክ ድምፅ አንድ ልምምድ ሙሉ ተጫወት። ድምፁ ካልወረደ ጥፋተኛዋ ምላሷ ናት። ከወረደ ግን ግማሽ እያደረግክ ፈልግ፦ ከቮልዩም ፔዳሉ በኋላ ያሉትን አውጥተህ ሞክር፤ ከቀጠለ ችግሩ በቀረው ግማሽ ወይም በአምፑ ውስጥ ነው፣ ከቆመ ባወጣኸው ውስጥ ነው። አንድ በአንድ ከመቀየር ይልቅ በሁለት በሦስት ሙከራ ትደርስበታለህ። ሲግናሉን በቀዳዳዎቹ ብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን በሌላ መንገድም (በትይዩ) የሚያሻግር አምፕም ስላለ የአንተ አምፕ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከመመሪያው አጣራ።

ለማጽዳት አምፑን አጥፋና ከመብራቱ ንቀል። አንድ ጃክ ላይ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ ግንኙነት ማጽጃ ስፕሬይ) ነፍተህ ወደ ሪተርን ቀዳዳ ሃያ ጊዜ ያህል አስገባው፣ አውጣው፤ ከዚያም በደንብ ይድረቅ። የበር ማጠፊያ የሚቀባበትን ዘይት ያለው ስፕሬይ አትጠቀም፤ አቧራ ይሰበስብብሃል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮልም ውሃ ስላለበት አልመክረውም። አደራ የምልህ ግን ሣጥኑን ራስህ እንዳትከፍተው ነው። በቲዩብ አምፕ ውስጥ ከ300 እስከ 450 የሚደርስ ቮልት አለ፤ ከመብራት ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል። ሰው የሚገድል ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ንጹሑ ድምፅ ደብዝዞ ኦቨርድራይቩ ሲበራ የሚጠራው፣ ከኦቨርድራይቩ ቀጥሎ ያለው ቮልዩም ፔዳል ፒክአፕህን ስለሚያደክመው ይመስለኛል። ፒክአፕ እንደ ደካማ ምንጭ ነው፤ ሰፊ ቦይ ከከፈትክለት ውሃው ይጠፋብሃል። ባትሪም አዳፕተርም የማይፈልጉት ቮልዩም ፔዳሎች በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ይሠራሉ፦ 250 ኪሎ ኦም የሆነው ከጊታር በቀጥታ ለሚመጣ ሲግናል፣ 25 ኪሎ ኦም የሆነው ደግሞ ባፈር (ደካማውን ሲግናል ተቀብሎ በራሱ ኃይል የሚያስተላልፍ ክፍል) ካለፈ በኋላ ለሚመጣ ሲግናል። የአንተ ባለ 25 ከሆነና ዋሁም ኦቨርድራይቩም ሲጠፉ ሲግናሉን ሳይነኩት የሚያሳልፉ ከሆኑ፣ ፒክአፑ በቀጥታ 25 ኪሎ ኦም ይሸከማል ማለት ነው። ሲንግል ኮይል ፒክአፕ የ2.5 ሄንሪ ኢንዳክታንስ (ድምፁ በቀጠነ ቁጥር ሲግናሉን ይበልጥ የሚገታ ባሕርይ) እና የ7 ኪሎ ኦም ሬዚስታንስ አለው ብንል፣ በዝቅተኛው ድምፅ 2 ዴሲቤል ያህል ብቻ ሲጠፋ በ3 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ግን 7 ዴሲቤል ይጠፋል። የሚደበዝዝብህ ያ ነው። ኦቨርድራይቩ ሲበራ ፒክአፑን ተቀብሎ ቮልዩም ፔዳሉን የሚነዳው በራሱ ኃይል ስለሆነ የታፈነው ሁሉ በአንዴ ይመለሳል፤ አንተ ግን ኦቨርድራይቩ ያጎላው ይመስልሃል።

ይህንንም መለካት ትችላለህ። ሌላውን ሁሉ ነቅለህ በቮልዩም ፔዳሉ መግቢያ ላይ አንድ ኬብል ብቻ ሰካና የኬብሉን ሌላ ራስ፣ ጫፉንና ግንዱን፣ በቴስተር በኦም ለካ። እግርህን የትም ብታደርገው ወደ 25 ወይም ወደ 250 ኪሎ ኦም የሚጠጋ አንድ ቁጥር ያሳይሃል። 25 ከሆነ ፔዳሉን አትሽጠው፤ ከፊቱ ባፈር ያለው ማንኛውም ፔዳል ይበቃዋል።

ስለ ሶሎው ከእኔ ይልቅ ተጫዋቾች ቢናገሩ ይሻላል።

ክራርና ጊታር፦

በተጫዋች በኩል ያለውን እኔ ልጨምር። ሶሎ ሲመጣ ኦቨርድራይቩ ላይ ያለውን መጠን እየጨመርኩ ለምን እንደማይሰማ ግራ የገባኝ ጊዜ ነበር፤ ስለዚህ የጠያቂው ነገር ቅርቤ ነው። በመድረክ ድምፅ አምፑ ራሱ ድምፁን ማሰባበር (ዲስቶርሽን) ጀምሯል። የፊተኛው ክፍል ከሞላ በኋላ ከፊቱ የሚጨመርለት ሲግናል ድምፁን የበለጠ ያሰባብረዋል እንጂ አያጎላውም፤ ብርጭቆው ሞልቶ ሳለ የሚቀዳ ውሃ ዳር ዳሩን እንደሚፈስ ነው። ይባስ ብሎ ለስላሳውንና ጠንካራውን አመታት እኩል ያደርገዋል። በትዝታ ቅኝት ቀስ ብሎ ጀምሮ እያደር የሚያድግ ሶሎ የሚኖረው በዚያ ልዩነት ነውና፣ ለእኛ ሙዚቃ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሌላው የቤት ውስጥ አስተካከል ነው። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል፤ የዘመን አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ስለዚህ ቤት ሆነን ስናስተካክል ሳናውቀው ቤዙንና ትሬብሉን ከፍ፣ መካከለኛውን ዝቅ እናደርጋለን፤ ለብቻችን ስንሰማውም ያምራል። መድረክ ላይ ግን ቤዝ ጊታሩ ታችኛውን፣ የከበሮው ሲምባል ላይኛውን ይይዛሉ፤ ጊታር የሚሰማበት መካከለኛው ሥፍራ ደግሞ ቀድሞ ተቀንሷል፣ የቀረውንም ሳክስፎንና ኪቦርድ ይሻሙበታል። መፍትሔው መካከለኛውን መመለስና የሁሉንም ፔዳል መጠን ከባንዱ ጋር በሙሉ ድምፅ እየተጫወቱ ማስተካከል ነው።

ለሶሎ ብቻ ከፍታ ከተፈለገ ድምፁን የማይቀይር ቡስተር ፔዳል በሴንድና በሪተርን መካከል ይቀመጥ። እዚያ ሲሆን ቀድሞ የተሰባበረውን ድምፅ እንዳለ ያጎላዋል፤ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ከበቂ በላይ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የአንዳንድ አምፖች ሴንድ በስቱዲዮ መሣሪያ ልክ፣ ማለትም በ1.23 ቮልት አካባቢ ስለሚሠራ ለጊታር የተሠራን ፔዳል ሊያጨናንቀው ይችላል። ከጀርባው መጠኑን የሚቀንስ ማብሪያ ካለው ዝቅተኛውን ይምረጡ።

ባለስድስት ክር (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

አዳፕተሩን ሁሉም ፔዳሎች በርተው ሳለ ለካሁት፤ 9.1 ቮልት ያሳያል። ጋሼ ጠጋኙ እንዳሉት ከሴንድ ወደ ሪተርን አጭር ኬብል ሰክቼ ሁለት ሰዓት ያህል በሙሉ ድምፅ ተለማመድን፤ አንድ ጊዜም አልወረደም። ለማረጋገጥ ኬብሉን ነቅዬው ቀጠልን፤ ሦስተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ ወረደ። መልሼ ስሰካው ተመለሰ። ያ አምፕ ከእኔ በፊት ሁለት ክረምት መጋዘን ውስጥ እንደተቀመጠ የሸጠልኝ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

ቮልዩም ፔዳሉም 24 ኪሎ ኦም አሳየ። ሳልጠቀምበት ያስቀመጥኩት ቦስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኮረስ ፔዳል ነበረኝና ሳላበራው ከቮልዩም ፔዳሉ በፊት አስገባሁት፤ ደብዛዛው ድምፅ በዚያው ቅጽበት ጠራ፣ ኦቨርድራይቩንም ስነካው መዝለሉ ቀረ። የጠፋ ፔዳል ድምፅ ያስተካክላል ብሎ ማን ያስባል?

ሁለት ነገር ግን ልጠይቅ። ቀዳዳውን እንደተነገረኝ አጽድቼዋለሁ፤ ሆኖም ኬብሉን ሳወጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ወርዷል። እንደገና ላጽዳው ወይስ ይቀየር? ደግሞስ ቡስተሩን በሴንድና በሪተርን መካከል ካስቀመጥኩት ጥገናው ይቅርብኝ?

ጠጋኙ፦

ደስ ብሎኛል ወንድሜ፤ በጥንቃቄ ስለፈተንክ ነው የተገኘው። ኬብሉን ነቅለህ መልሰህ መሞከርህ በተለይ ትክክል ነበር፤ ብልሽቱን መልሶ ማምጣት ያልቻለ ሰው ማዳኑን እርግጠኛ መሆን አይችልም።

ከአንድ ጽዳት በኋላ ከተመለሰ ምላሷ የመለጠጥ ኃይሏን አጥታለች ማለት ነው። አንድ ጊዜ ደግመህ አጽዳው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጃኩ ይቀየር። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን ሣጥኑን መክፈት ስለሚጠይቅ የቲዩብ አምፕ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጠው፤ ሴንዱንም አብሮ ይቀይርልህ። እስከዚያ ድረስ አጭሩን ኬብል እንደተሰካ ተወው፤ አምፑን አይጎዳውም።

ቡስተሩ እዚያ ሲገባ ሲግናሉ በጃክ ስለሚያልፍ ችግሩ አይሰማህም፤ ነገር ግን ተሸፈነ እንጂ አልዳነም። መድረክ ላይ ቡስተሩ ቢበላሽና ነቅለህ ብታወጣው እዚያችው ምላስ ላይ ትወድቃለህ። ስለዚህ አስጠግነው።

ስለ ኮረሱ ልብ በል፦ የቦስ ፔዳሎች ጠፍተውም ሲግናሉ በባፈራቸው ያልፋል፤ ባፈሩ የሚሠራው ግን ፔዳሉ ኃይል ሲያገኝ ብቻ ነው። የአዳፕተሩ ራስ ከወለቀበት ድምፅህ ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል። ገመዱን ፔዳሎቹን ከምትደረድርበት ሰሌዳ ጋር በደንብ እሰረው፤ በሻንጣህም አንድ የ9 ቮልት ባትሪ አስቀምጥ።